ሞላዎቹ እስኪደርሱ

ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለይሻው፤

ከአንበሳሜ እስከ እብናት ቢታሰስ ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ከእኔ ከአጎትህ ከጌጡ በላይ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። እርግጥ አገሩን ሁሉ ዞሬ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ባጃጅ ሊያሠሩ ጋራዤ በር ላይ የተቀመጡትን ነው፤ ከነሱም አንዱ ጊታር በዓይኑ አይቶ አያውቅም፣ ሌላው ደግሞ ጆሮው አይሰማም። ቢሆንም መብለጥ መብለጥ ነው።

እይ እንግዲህ፣ ጽሕፈቱ የራሴ ነው። እስከ ዛሬ ሰው እየለመንሁ፣ ሻይ እየጋበዝሁ ነበር የማስጽፍልህ፤ እኔ ስቆጣ ጸሐፊው እያለዘበብኝ ስንት ቁጣ መንገድ ላይ ባክኗል። አሁን የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። መምህርታችን ትዕግሥት «ጋሽ ጌጡ፣ ከክፍሉ አንደኛ ወጥተዋል» ብላኛለች። ሁለተኛ የወጣ ሰው እንደሌለ ግን አልደብቅህም። ሌሎቹ ከመሸ መውጣት እየፈሩ አንድ አንድ እያሉ ቀሩ፤ በመጨረሻ እኔና ጥቁር ሰሌዳው ነበርን።

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል ብላ አስተምራኝ ነበር፤ እኔ በጉራ ጀመርሁት። ይኸው አሁን ልጠይቅህ። ደኅና ነህ ወይ? ትበላለህ? ሳይመሽ ትገባለህ?

ስለ እናትህ የጠየቅኸኝን አልሸሽም። ያለምወርቅ ታማለች። ሆስፒታል ወስደናት ነበር፤ አገላብጠው አዩአትና «ቤቷ ብትሆን ይሻላታል» አሉን። እኔም ለጎረቤቱ «ይሻላታል ተብሏል» ብዬ አወራሁ። ወሬ ሲቆረጥ እንዲህ ነው፤ የምትፈልገውን ጫፍ ይዘህ ሌላውን ትጥላለህ። አልጋዋ እኔ ቤት ነው፣ ከመስኮቱ ሥር። ትተኸው የሄድኸው አሮጌው ጊታርህም ከራስጌዋ ተሰቅሏል። እሷ ናት አምጡልኝ ያለች።

ለገና እመጣለሁ ያልኸውን ግን ተወው። አብሮህ የተማረውን ምትኩን፣ የጎረቤታችንን የአሰለፈችን ልጅ፣ ታስታውሰዋለህ። እናቱን ሊጠይቅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ አውቶቡሱን መንገድ ላይ አስቆሙት። ወጣት ወጣቱን እየለዩ አወረዱ። ማን እንዳወረዳቸው የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅም አይናገርም። አውቶቡሱ መጣ፣ ሻንጣው መጣ፣ ምትኩ አልመጣም። አሰለፈች በየቀኑ መናኸሪያ ትወርዳለች። ሹፌሮቹ ከሩቅ ሲያዩአት ሞተሩ ውስጥ የጠፋ ነገር እንዳለ ሁሉ አንገታቸውን ይደፋሉ። ሹፌሩን ሙላቴን ግን አይነኩትም። ፀጉሩ ነጭ፣ አይሱዙው አሮጌ፣ ጭነቱ ድንች፤ ምን ያደርጉታል? የከተማው ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ የእኔና የአንተ ፖስታ ቤት እሱ ነው።

እናትህም መንገዱን ታውቃለች። ትናንት ጠራችኝና እንዲህ አለች፤ «እሱን ባላየው ድምፁን ይላክልኝ። የአፉን አይደለም፤ የዚያን የጊታሩን። ዝቅ ብላ ወርዳ እያለቀሰች የምትመለሰዋን።»

የትኛዋን እንደሆነ ታውቃለህ። ያኔ እዚህ ሳለህ ማጉያውን ከፍተህ ስትለቀው ሰፈሩ «ይህ ልጅ ቤቱ ውስጥ ምን አስገብቶ ነው?» እያለ ሲያማትብ፣ እሷ ብቻ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ቄሱ ሊገሥጹህ ሲመጡም «አባ፣ ይኼ እኮ ለቅሶ ነው፤ ለቅሶ ደግሞ አይከለከልም» ብላ የመለሰቻቸው እሷ ናት።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ሁለት ጊታር አግኝቻለሁ፣ አንዱን ይምረጡልኝ ብለህ ሥዕላቸውን ልከህልኛል። አንደኛው፣ ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት ከእንጨቱ ጋር በብሎን የታሰረ ነው፤ ወዲህ ወዲያ አይልም። ሁለተኛው ትሬሞሎ የምትሉት ያለው ነው፤ ብረቱ በሁለት ምሰሶ ላይ ተንሳፎ ከፊት ክሮቹ ይጎትቱታል፣ ከኋላ ጀርባው ጉድጓድ ውስጥ ያሉት ሞላዎች፣ እነዚያ ጥቅል ሽቦዎች፣ ይጎትቱታል። እጀታውን ስትጫነው ክሩ ሁሉ ይላላል፣ ድምፁ ገደል ይገባል፤ ስትለቀው ሞላው ይመልሰዋል። ይህንን ለባጃጅ ሠሪ ማስረዳት ለቄስ አቡነ ዘበሰማያት እንደ ማስተማር ነው። እኔ ሞላ ላይ ነው ያረጀሁ።

ጓደኞችህ ምን አሉህ? ሜታል የሚባለውን ጩኸታም ሙዚቃ የሚጫወት ሰው ክሩን ወፍራም አድርጎ፣ ዝቅ አድርጎ ይቃኛል፤ መዳፉን አሳርፎ ሲቀጠቅጥ የማይነቃነቅ ብረት ይሻለዋል፤ ያኛው አንድ ክር ቢበጠስበት የሌሎቹም ቅኝት አብሮ ይጠፋል። እውነታቸውን ነው። አንድም ቃል አልቀንስባቸውም። ግን የታሰረው አያለቅስም። እናትህ የጠየቀችው ደግሞ የሚያለቅሰውን ነው። ስለዚህ ትሬሞሎ ያለውን ግዛ። ጥፋት ቢኖረው በእኔ ይሁን።

አጎትህ ጌጡ፣ በራሱ እጅ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። በራስዎ እጅ የጻፉትን ደብዳቤ ለጓደኞቼ አነበብሁላቸው። ከበሮ የሚመታልን ልጅ «ይህ ሰውዬ አዲስ አበባ ቢመጣ እኛ ሥራ እንፈታለን» አለ። ይህን የጻፍሁት ደስ እንዲልዎት ነው።

ምክርዎን ሰምቼ ትሬሞሎ ያለውን ገዛሁ። ጥቁር ነው፤ ጠርዙ ትንሽ ተልጧል። ድምፁ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ችግሩ ግን ሞላው ነው። የሸጠልኝ ሰው በቀጭን ክር ነበር የሚጫወትበት፤ ጀርባውን ስከፍተው ሁለት ሞላ ብቻ ነው ያለው። እኔ ወፍራሙን ክር አስሬ ስቃኘው ብረቱ ከፊት ተነሣ፤ ክሮቹ አሸነፉት። ብሎኑን እስከ መጨረሻው ባጠብቀውም አልተመለሰም። አንዱን ክር ስቃኝ ሌላው ይወርዳል፤ የወረደውን ሳነሣ የመጀመሪያው ይጠፋል። ሌሊቱን ሙሉ ብታገለው አንድ ዜማ እንኳ ቀንቶ አይወጣም። ሞላ ከውጭ እስኪመጣ ጠብቅ አሉኝ፤ የሚመጣበትን ጊዜ የሚያውቅ የለም።

የእኔ አሮጌ ጊታር ውስጥ ሦስት ሞላ አለ። መጠኑ አንድ ነው። ነቅለው በጋሽ ሙላቴ ይላኩልኝ። በደረሰኝ ቀን ቀድቼ እልካለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አይቆጡኝ። ጋሽ ሙላቴን «እናቴ እንዴት ናት?» ብዬ ብጠይቃቸው ዞረው የመኪናውን ጎማ እየረገጡ ማየት ጀመሩ። አራቱንም ጎማ ረግጠው ጨርሰው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። እናቴ ተነሥታ ትቀመጣለች ወይ? ትጠራኛለች ወይ? እውነቱን ይንገሩኝ። የማትቀመጥ ከሆነ መንገዱ ምንም ይሁን ምን እመጣለሁ።

ታዛዥ ልጅዎ ይሻው


ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይሻው፤

ትቀመጣለች። ይኸው መለስሁልህ፤ አንደኛ ተማሪ መልሱን ከላይ ነው የሚጽፈው።

ሙላቴን ተወው። ሹፌር ሰው ሲጨነቅ እጁ ጎማ ይፈልጋል። ሚስቱ መንታ የወለደች ጊዜ ከሆስፒታሉ ደጅ የቆመውን የሰው መኪና ሁሉ ጎማ ሲረግጥ ነው ያገኘሁት። የአንተን ጥያቄ መመለስ አቅቶት አይደለም፤ ጎማው እውነትም አርጅቷል።

ጊታርህን ቀዶ ሕክምና አደረግሁለት። በደብረ ታቦር ታሪክ የመጀመሪያው ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ሐኪም ሳልሆን ገብቼ አንዱ ሞላ ተፈናጥሮ ግንባሬን ስላለኝ ዝም ማለት ይሻለኛል። የነቀልሁት እናትህ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ወደ ጋራዥ ልወስደው ስነሣ እጅጌዬን ይዛ «እዚሁ» አለችኝ። ጀርባውን ከፍቼ በፒንሳ አንድ በአንድ ሳወጣ ስታይ ቆየችና ጠየቀችኝ።

«ሲነቀል ያመዋል?»

እንጨት ምን ያመዋል ልላት አፌን ከፈትሁ፤ ግን ስለ ጊታሩ የጠየቀችኝ አልመሰለኝም። ለልጅሽ ነው፤ የሱ ጊታር ውስጥ ሲገባ እዚያ ያለቅሳል አልኋት። ራሷን ነቀነቀች። ከነጠላዬ ጫፍ ቀድደህ ጠቅልልበት ያለችኝም እሷ ናት። ከነጠላ ላይ መቅደድ ደግ ነገር አይመስለኝም ብላት «ልጄ ብርድ እንዳይገባው» አለችና ሳቀች። ስትስቅ ያው የድሮዋ ያለምወርቅ ናት።

አንድ ነገር ግን ሳላስብ አጠፋሁ። ይህንን መጻፍ አልነበረብኝም፤ ብጀምረውም ላጲስ የለኝም። እናትህ በዚያ ጊታር ትጠራኝ ነበር። ድምፅዋ ትንሽ ደከም ስላለ፣ ጉንፋን ነው፣ ውኃ ሲያምራት ወይም መገላበጥ ስትፈልግ ወፍራሙን ክር በጣቷ ትመታዋለች። ማጉያ ባይኖረውም በዚያች በቀጭኗ ግድግዳ በኩል ይሰማኛል፤ ድም ሲል እነሣለሁ። ሞላዎቹን ካወጣሁ ወዲህ ክሮቹ ላልተው ተንጠልጥለዋል፤ ብትመታቸውም ድምፅ የላቸውም። አሁን ሳትጠራኝ እየተነሣሁ አያታለሁ። ሳትጠራኝ መነሣት ከመጠራት ይከፋል። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አድርጌ እተኛለሁ።

በል ተወው፤ ይህ የጉንፋን ወሬ ነው።

የማታ ትምህርት ቤታችን ተዘግቷል። ትዕግሥት እኔ ቤት መጥታ ሁለት ክርታስ ጠመኔ ሰጠችኝ፤ ለምን እንደሰጠችኝ አልነገረችኝም። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ሰው ከቤት አይወጣም። ነዳጅ ስለሌለ ባጃጆቹ እንደ ሞተ በሬ በየደጁ ተጋድመዋል፤ ሥራ ባልፈታ ኖሮ ይህን ሁሉ ገጽ አትቀበልም ነበር። ውሻው ይጮኽና ድንገት ዝም ይላል። ሲጮኽ ሳይሆን ዝም ሲል ነው ሰው የሚነቃው።

ሙላቴ ነገ ጎህ ሲቀድ ይነሣል። ሞላዎቹ በኪሱ ናቸው። ተቀበለው፣ ግጠም፣ ቅዳ፣ መልሰው። አንተ ግን እግርህን ሰብስብ። የመንገዱን ነገር ከኔ ይልቅ የአሰለፈች ፊት ይነግርህ ነበር።

አጎትህ ጌጡ


ደብረ ታቦር፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይሻው፤

ይህንን የምታደርስልህ መምህርት ትዕግሥት ናት። ከተማውን ለቃ፣ ከባሕር ዳር በአውሮፕላን አዲስ አበባ ወዳሉት ቤተሰቦቿ ልትሄድ ነው። ቆማ እየጠበቀችኝ ነው።

ሙላቴ አልደረሰም። ገናን መንገድ ላይ ነው የዋለ። ያየ ሰው እንደነገረኝ፣ መንገዱ ላይ ያለው ድልድይ ተዘግቶ መኪናው ሁሉ ተሰልፎ ቆሟል፤ ወደ ፊት የለ፣ ወደ ኋላ የለ። ሞላዎችህ ኪሱ ውስጥ አብረውት ቆመዋል።

ሞላ አትጠብቅ። የምነግርህን አድርግ። ጊታሩን ገልብጥ። ከብረቱ ኋላ በኩል፣ ጉድጓዱ ውስጥ፣ በልኩ የተጠረበ ጠንካራ እንጨት ወሽቅ። ጥብቅ ይበል። ብረቱ ወዲህ ወዲያ እንዳይል አርገህ እሰረውና ቃኘው። ባጃጅ ሞላው ሲሰበር እንዲህ አድርገን ነው ቤቱ የምናደርሰው። አያለቅስም። አያልቅስ። ያለቀሰም ያላለቀሰም፣ ያገኘኸውን ቅዳ። ሙላቴ ከተማችሁ የገባ ቀን ተዘጋጅቶ ይጠብቀው።

ያለፈው ደብዳቤዬ ላይ አንዱን ጥያቄህን ዘልዬው ነበር። ትጠራኛለች ወይ ብለኸኝ ነበር። ትጠራሃለች። ሲመሽ ትጠራሃለች። ስምህን ከጠራች በኋላ ግን ሁልጊዜ «መንገዱ እንዴት ነው?» ትላለች። እኔም እውነቱን እነግራታለሁ። ያን ጊዜ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።

በአውሮፕላን ባሕር ዳር ብገባስ ትለኝ ይሆናል። ከባሕር ዳር ወዲህ ያለውስ? ትዕግሥትን ሴት ናት ብለው ያሳልፏት ይሆናል፤ አንተን ግን አያሳልፉህም። ምትኩ የወረደው ከቤቱ ቅርብ ደርሶ ነው። እናቱ ዶሮ አሳርዳ ነበር።

ለጥምቀት አትምጣ። የምለምንህ አጎትህ ነኝ፤ ለምኜህ አላውቅም።

ዛሬ ቀልድ የለኝም።

ጌጡ


አዲስ አበባ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ትዕግሥት ደብዳቤውን በእጄ ሰጠችኝ። ካነበብሁት በኋላ እሷን ቁጭ በይ ማለት እንኳ ረሳሁ። ቀልድ የሌለበት ደብዳቤዎን ሳይ ነው የእናቴ ነገር የገባኝ።

የአውቶቡስ ቲኬት ቆርጬ ነበር። ይህን እንዳያውቁብኝ ነበር የፈለግሁት። «መንገዱ እንዴት ነው?» ትላለች ያሉትን ካነበብሁ በኋላ ግን መሄድ አቃተኝ። እሷ እየጠየቀች፣ እኔ መንገድ ላይ ሆኜ ወሬዬ ቢጠፋ፣ ማን ይመልስላታል? ቲኬቱን መለስሁ። ልክ ይሁን ስህተት እንጃ።

እንዳሉኝ እንጨት ወሸቅሁበት። ወንበር ሰብሬ ነው ያገኘሁት። ቅኝቱን ያዘ። ወዲያው ቀዳሁ፤ ግን የሚወስድልኝ ሰው አጣሁ። ዛሬ ጠዋት ጋሽ ሙላቴ ደረሱ። ከስተዋል፤ ጢማቸው አድጓል። የነጠላዋን ቁራጭ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ድንቹን እስኪያራግፉ እንጨቱን አውጥቼ ሞላዎቹን ገጠምሁ። ብረቱ ተመለሰ፤ አጎቴ፣ ልክ እርስዎ እንዳሉት ተንሳፈፈ። የምትፈልጋትን ቀዳሁላት። መጀመሪያው ላይ ቅጥቀጣ አለው፤ ሳልቀጠቅጥ ከጀመርሁ የእኔ መሆኑን አታምንም ብዬ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርገው ይክፈቱላት፣ እንዳትደነግጥ። ከዚያ በኋላ ነው የምትወርደዋ። እጀታውን እስከ መጨረሻው ተጭኜ ለቀቅሁት፤ ቀስ ብላ ትመለሳለች።

ሁለቱንም፣ የእንጨቱንም የሞላውንም፣ በሚሞሪ ካርድ አድርጌ ጋሽ ሙላቴ ስልክ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ነገ ይነሣሉ። ስለ እናቴ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም ጎማ አልረገጡም፤ ግንባሬን ሳሙኝ። ይህ የባሰ አስፈራኝ።

ልጅዎ ይሻው


ደብረ ታቦር፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ይሻው፤

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ሰዎቹ አጠገብህ ተቀምጠዋል። ጎህ ሳይቀድ በርህን ያንኳኩት እኔ በሙላቴ ልኬባቸው ነው። ከመካከላቸው አንዱ ከእብናት የመጡ፣ እናትህን በልጅነቷ የሚያውቁ አዛውንት ናቸው። ትዕግሥትም አለችበት፤ ቤትህን የምታውቅ እሷ ስለሆነች መርታ አምጥታቸዋለች። መርዶ በወረቀት አይነገርም። መጻፍ ብማርም ለዚህ አልተማርሁም። በአገራችን ሰው የሚረዳው ሰው ከቦት፣ የሚይዘው ክንድ አጠገቡ እያለ ነው፤ አንተን ደግሞ ብቻህን ግድግዳ እያየህ እንድታነበው አላደርግህም። ስለዚህ ደብዳቤውን አልቅሶ ከወጣለት በኋላ ስጡት ብያቸዋለሁ። ካልወጣልህ አጥፈህ አስቀምጠው። አይሸሽም።

እንግዲህ እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፤ መጠየቅህ አይቀርምና።

ያለምወርቅ ያረፈች ጥር 24 ቀን ነው። ጠዋት ላይ ዓይኗን ገልጣ መስኮቱን ክፈትልኝ አለች። ከፈትሁላት። ብርዱ ይገባል ብላት ይግባ አለች። ነፍስ አባቷ መጥተው ጸለዩላት። አሰለፈች ከጠዋት ጀምራ ከጎኗ አልተነሣችም፤ ምትኩ ከጠፋ ወዲህ መናኸሪያ ያልወረደችበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ የአይሱዙ ድምፅ ሰማሁ። ሙላቴ ነው። ጎማውን እንኳ ሳያይ ዘሎ ገባ፣ ስልኩን ሰጠኝ። እንዳልኸኝ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ከጆሮዋ አስጠጋሁት። ቅጥቀጣው ሲጀምር ቅንድቧ ተነሣ፤ ከንፈሯ ፈገግ አለ። «ይህ ልጅ ዛሬም ሰፈሩን ሊያስነሣ ነው» አለች። ከዚያ ያችኛዋ መጣች። ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ብላ ወረደች። እናትህ የቀኝ ጣቷን ከብርድ ልብሱ ላይ አነሣች፤ ክር እንደምትመታ ሁሉ። ስትመለስ ጣቷን ቀስ አድርጋ አሳረፈች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ጀንበሯ ስትጠልቅ አለፈች።

ቀብሯ በማግስቱ ነበር። ጡሩንባ አልተነፋም፤ ነፊው በጨለማ አልወጣም አለ፣ አልፈርድበትም። ብዙ ሰው አልነበረም። ከገጠር ያሉት ዘመዶቻችን መንገድ ተዘግቶባቸው ቀሩ። ሬሳው ሲወጣ አሰለፈች ደረቷን እየመታች ያለችውን ግን እስክሞት አልረሳውም።

«ያለምወርቅ፣ አንቺ እንኳ ልጅሽ የት እንዳለ አውቀሽ ሄድሽ።»

እኔ መንገድ ከልክዬህ ልክ እንደሠራሁ ወይም እንዳልሠራሁ የሚነግረኝ ቢኖር ይህ ቃል ብቻ ነው። ለጥምቀት ሳምንት ከዚያ ከአዲስ አበባ የተነሣውን አውቶቡስም አስቁመውታል። ከዚህ በላይ ስለሱ አልጽፍልህም።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያኔ ጓደኞችህ የታሰረውን ውሰድ ሲሉህ እኔ ከሩቅ ሆኜ የሞላ ሊቅ ሆንሁብህ። የታሰረውን ገዝተህ ቢሆን በዚያው ቀን ቃኝተህ፣ በዚያው ቀን ቀድተህ፣ ሙላቴ በታኅሣሥ ሲመለስ ድምፅህን ይዞልን ይመጣ ነበር። እሷም ገናን እየሰማችህ ትውል ነበር። ሞላ ፍለጋ እኔ ነኝ የላክሁህ። ጥፋት ቢኖረው በእኔ ይሁን ብዬ ጽፌልሃለሁ፤ ይሁን። በጊታሩ ግን አትቀየም። እንጨት አትወሽቅበት። ተጫወትበት።

ወረቀቱ እያለቀ ነው። ፊርማዬን ላስቀምጥ ብዬ ብዕሩን አነሣሁና እጄ አልሄድልህ አለኝ። እንደምታውቀኝ ወሬ ሳልጨምር አላወራም፤ ስለ ጊታርም፣ ስለ ክፍሉ አንደኛነቴም ጨምሬልሃለሁ፣ በዚያ ስቀሃል። በዚህ ግን አትስቅም። እዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ነገር ከራሴ አለ፤ ሌላው ሁሉ እንዳየሁት ነው።

ሙላቴ የደረሰው ከሰዓት በኋላ አይደለም። በማግስቱ ነው፤ ከቀብር ተመልሰን በር ላይ እጃችንን ስንታጠብ። ስልኩን በረጠበ እጄ ተቀበልሁት። አልጋዋ ባዶ ነበር። እዚያው ጠርዙ ላይ ተቀምጬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ ከጆሮዬ አስጠጋሁት። «ይህ ልጅ ዛሬም ሰፈሩን ሊያስነሣ ነው» ያልሁት እኔ ነኝ።